ግጥሙንም ዜማውንም ራስሽ ሠርተሽ ለመዝፈን፦ ከጎጃም ለምትነሺ

ባለፈው ወር አንዲት የፍኖተ ሰላም ልጅ መልእክት ላከችልኝ። አሥራ ሁለት ግጥም አላት። ድምጿ ጥሩ ነው። ትምህርት ቤት በክበብ ትዘፍን ነበር። ጥያቄዋ አንድ ነው፤ "አዲስ አበባ ልሂድ ወይስ እዚሁ ልቆይ?" በድምፅ ልመልስላት ጀመርኩና ተውኩት፣ በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ ነገር አይደለም። እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው። ወንዶችም አንብቡት፣ "አንቺ" እያልኩ የምሄደው እሷን እያሰብኩ ስለሆነ ነው።

እኔ ያለሁት ባሕር ዳር ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሰርግ ላይና ሆቴል ውስጥ ዘፍኛለሁ፣ ለሌሎች ድምፃውያንም ግጥምና ዜማ ሠርቻለሁ። ከሁሉ በፊት ይህን ያዢልኝ፦ አንቺ አንድ ሰው ነሽ፣ ሥራሽ ግን ሁለት ነው። ውስጥሽ ደራሲ አለች፣ ድምፃዊትም አለች። ድምፃዊቷ ትታያለች። የሚጨበጨበው ለእሷ ነው፣ ብሩም የሚለጠፈው ግንባሯ ላይ ነው። ደራሲዋን ግን ማንም አያያትም፣ ስለዚህ ጊዜዋን ሁሉም ይወስድባታል፣ ድምፃዊቷ ራሷ ሳትቀር። የራሳቸው ጥሩ ዘፈን የነበራቸው ስንት ልጆች በጥቂት ዓመት ውስጥ የሰው ዘፈን ብቻ የሚዘፍኑ ሆነው ሲቀሩ አይቻለሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው በአብዛኛው ደራሲዋን እንዴት እንደምትጠብቂያት ነው።

መቼ ነው የሚጻፈው?

የዘፋኝ ዓመት እንደ ገበሬ ዓመት ነው፣ ወቅት አለው። ጥር ሰርግ ነው። ከፋሲካ በኋላ እንደገና ሰርግ ነው። በእነዚህ ወራት ቅዳሜ ዳንግላ፣ እሑድ ቡሬ ልትሆኚ ትችያለሽ፣ እንቅልፍም የለም። ያን ጊዜ ጻፊ አልልሽም፣ አይሆንልሽም። ብሩን ሰብስቢ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን 55 ቀን ሰርግ የለም፣ የምሽቱም ሥራ ይቀዘቅዛል፣ አብዛኛው ዘፋኝ ያን ጊዜ የሚያሳልፈው ብር እየተበደረና ፋሲካን እየቆጠረ ነው። አንቺ የጥር ወርን ገቢ ከፋፍለሽ አስቀምጪና ሁዳዴን የመጻፊያ ወቅትሽ አድርጊው። በሳምንት አንድ ብትጨርሺ ሰባት ዘፈን ይኖርሻል። ሰባቱም ጥሩ አይሆኑም። ሁለቱ ከጠነከሩ ዓመቱ ተሳክቷል። ከኅዳር 15 የሚጀምረው የገና ጾምም ለዚህ ይመቻል። ክረምትም እንዲሁ፣ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲወርድ መቅዳት ባይቻልም መጻፍ ይቻላል።

"ስሜት ሲመጣ ነው የምጽፈው" የሚሉ አሉ። ይምጣላቸው። እኔ ግን በጠዋት ቡና ሳይፈላ በፊት አንድ ሰዓት ተቀምጬ ነው የምሠራው፣ ባዶ ቀንም ብዙ አለ። ባዶውን ቀን ካልተቀመጥሽበት ጥሩው ቀን ሲመጣ ገበያ ላይ ነው የሚያገኝሽ።

ግጥሙ

ጎጃም ተወልዶ ግጥም መፍራት አይገባም። ዋሸራ፣ ዲማ፣ ደብረ ኤልያስ፣ የቅኔ ቤቶቹ ያሉት ደጃችን ነው። ቅኔ የተማረ አጎት ወይም የሰፈር መሪጌታ ካለ ሄደሽ ተቀመጪ። ግዕዝ ባትችዪም ሰምና ወርቅ እንዴት እንደሚሠራ በአማርኛ ያሳይሻል። አንድ ቃል እንዴት ሁለት ጌታ እንደሚያገለግል አንዴ ከገባሽ አይለቅሽም።

መጀመሪያ ግን ቆጠራውን እወቂ። የወል ቤት የሚባለው ስንኝ 12 ቀለም (በአንድ ትንፋሽ ተቆርጦ የሚነገር ድምፅ) አለው፣ ስድስት ላይ ያርፍና ሌላ ስድስት ይሄዳል። ሰንጎ መገን 5 እና 5 ነው። ቡሄ በሉ 4 እና 4፣ ልጆቹ በቡሄ ሲጨፍሩ የምትሰሚው ማለት ነው። አቆጣጠሩ በወረቀት ላይ ባለው ፊደል ልክ አይደለም፣ ሳድስ ፊደል ብዙ ጊዜ ከጎኑ ካለው ጋር ተጠቅልሎ ስለሚነገር በጭብጨባ ጮክ ብለሽ ቁጠሪው። ዜማ ላይ አልገባ ብሎ የሚያስቸግርሽ ስንኝ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቀለም ተርፎት ወይም ጎድሎት ነው፣ ዜማውን ከማጣመምሽ በፊት ግጥሙን ቁጠሪ።

አንድ ምሳሌ ልስጥሽ፣ ለዚህ ጽሑፍ ብዬ ያወጣሁት ነው፦

ማኛ ስመርጥ ውዬ ገበያው ሊፈታ፣
ሰርገኛ ሆነብኝ የደረሰኝ ማታ።

ሰሙ ጤፍ ነው። ነጩን ማኛ ስመርጥ ቀኑ መሸ፣ የተረፈኝ ቅልቅሉ ሰርገኛ ጤፍ ሆነ። ወርቁ ሌላ ነው። ሳመነታ፣ ሳማርጥ ሌላ ሰው አገባት፣ ለእኔ የደረሰኝ በሰርጓ ላይ ሰርገኛ መሆን ብቻ ነው። ይህን ስንኝ ለመሥራት መዝገበ ቃላት አላስፈለገኝም፣ ቅዳሜ ገበያ መዋል ነው ያስፈለገኝ። የሰፈርሽን ቃል ዝርዝር ያዢ። የእህሉን፣ የከብቱን፣ የሽመናውን፣ የመንገዱን። ዳጉሳ፣ ጮቄ፣ የጣና ታንኳ፣ አባትሽ ሲቆጣ የሚላት ቃል። ብዙ ጀማሪ የአዲስ አበባ ሰው እንዲረዳው ብሎ የሰፈሩን ቃል ያወጣና "ፍቅርሽ ጎዳኝ፣ ናፍቆትሽ አቃጠለኝ" ብቻ ይቀረዋል። ያን ማንም ይጽፈዋል።

ሁለት ነገር ብቻ ተጠንቀቂ። አባይን ወንዙን ከአባይ ውሸታሙ ጋር ያጋጨ ግጥም እስኪበቃን ሰምተናል፣ ተይው። ሌላው፣ ቅኔውን አዝማች ላይ አታድርጊው። አዝማች ማለት ሕፃን ልጅ አንድ ጊዜ ሰምቶ የሚቀበለው መሆን አለበት። ቅኔው ስንኙ ውስጥ ይቀመጥ፣ ሰው በሦስተኛው ቀን ታክሲ ውስጥ ሲሰማው ይግባው። የዚህ ጥሩ ትምህርት ቤት አዝማሪ ቤት ነው። ጥግ ይዘሽ ተቀመጪ። ሰው "ተቀበል!" ብሎ ግጥም ሲሰጥ፣ ማሲንቆ ያዡ እየደገመ ሲያወርደው፣ ቤቱ የሚጮኸው የትኛው ቃል ላይ እንደሆነ ልብ በይ። ሁልጊዜ ማለት ይቻላል መጨረሻው ቃል ላይ ነው። ስለዚህ ስንኝ ስትጽፊ ከመጨረሻው ቃል ተነሺና ወደ ኋላ ሂጂ። እኔ ይህን የተማርኩት ዘግይቼ ነው፣ ሥራዬን ግን በግማሽ አቀለለልኝ።

ዜማው

አራቱን ቅኝት ለይተሽ እስክታውቂ ድረስ ዜማ ሠራሁ አትበይ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። እያንዳንዱ አምስት ድምፅ ነው ያለው። ኪቦርድ ካገኘሽ ከዶ ጀምረሽ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብትጫኚ ትዝታ ሜጀር ነው። ሚን እና ላን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ብታደርጊያቸው ትዝታ ማይነር ይሆናል። ይኸው ልዩነት ብቻ ነው፣ ግን ያንኑ ግጥም ከመጽናናት ወደ ሐዘን ይወስደዋል። ግጥምሽን በሁለቱም ሞክሪው። ሰውነትሽ ይነግርሻል።

ምቱም አለ። የእኛ አገር ጭፈራ የሚሄድበት ችክችካ በስድስት ስምንተኛ ነው የሚቆጠረው፣ የጎጃም እስክስታ ደግሞ ፈጠን ይላል። ፈጣን ምት ላይ 12 ቀለም ያለው ስንኝ ሲጨናነቅ ሰምተሻል? ትንፋሽ የት እንደምትወስጂ ሳታስቢ ከጻፍሽ ሰርግ ላይ በሦስተኛው ስንኝ ትታነቂያለሽ። እኔ በእግሬ እየሄድኩ ነው ዜማ የማወጣው። እየሄድሽ መዝፈን ከቻልሽ እየጨፈርሽም ትዘፍኚዋለሽ።

ስልክሽ ላይ መቅጃው ሁልጊዜ ይከፈት። ዜማ እንደ ሕልም ነው፣ ፊት ሳትታጠቢ ካልተናገርሽው ይጠፋል። ፋይሉን ቀንና ሁለት ቃል ስጪው፣ "መጋቢት 4 ማኛ" በቂ ነው። "አዲስ ቀረጻ 212" ብሎ የተቀመጠ ዜማ የጠፋ ዜማ ነው። ስልክ ይሰረቃል፣ ይሰበራል፣ ኔትወርክ ሳምንታት ሊጠፋ እንደሚችልም አይተነዋል። በወር አንድ ጊዜ ፍላሽ ላይ ገልብጪና ፍላሹን ከቤትሽ ውጭ ለምታምኚው ሰው ስጪ።

ዘፈኑን በራስሽ ድምፅ ልክ ጻፊው። የሰው ዘፈን ስትዘፍኚ ኪይ (የዘፈኑ ድምፅ ከፍታ) ይቀየርልሻል፣ የራስሽን ግን ከመጀመሪያው ለአንቺ መስፋት ትችያለሽ። ሳትጨናነቂ የምትደርሺበትን ከፍተኛ ድምፅ ኪቦርዲስት ይንገርሽ፣ አዝማቹ ከዚያ አንድ ድምፅ ዝቅ ብሎ ይሁን። ስቱዲዮ ውስጥ አንዴ የወጣ ከፍታ ሰርግ ላይ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ አይወጣም።

በቤተ ክርስቲያን ዜማ ያደገ ሰው ጆሮው ይለያል፣ ዲያቆን ወንድም ካለሽ ድምፅ አወጣጡን ተማሪበት። ዜማውን ግን አንስተሽ ዘፈን አታድርጊው። ሰው ይቀየምሻል፣ ልክም ነው።

ቅንብርና ስቱዲዮ

ለአቀናባሪ የምትሰጪው ያልተጌጠ ቅጂ ነው፣ ድምፅሽና ጭብጨባ ይበቃል። ጋቢና ብርድ ልብስ ግድግዳው ላይ ሰቅለሽ፣ ስልኩን ከአፍሽ አንድ ስንዝር አርቀሽ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳታቋርጪ ዝፈኚ። በቴሌግራም በድምፅ መልእክት አትላኪው፣ ጥራቱ ይወርዳል፣ እንደ ፋይል አያይዢው። ከቅንብሩ በፊት ስለ ገንዘቡ፣ ስለ ጊዜው፣ ስንት ጊዜ እንደሚታረም ተነጋገሩ። አልቆ ስትረከቢም ሚክስ የተደረገውን ብቻ ሳይሆን ያንቺ ድምፅ የሌለበትን፣ ሙዚቃው ብቻ ያለበትንም ትራክ ተቀበዪ። መድረክ ላይ፣ ቴሌቪዥን ላይ፣ ባንድ በሌለበት ሰርግ ላይ የሚያበላሽም የሚያድንም እሱ ነው።

ሁሉም ነገር ይግባበት እንዳትዪ። ማሲንቆና ክራር ስላሉ ብቻ ዘፈን ጎጃም ጎጃም አይሸትም። ጂጂን አስቢ፣ እጅጋየሁ ሽባባውን። የቻግኒ ልጅ ናት፣ የራሷን ዘፈን ራሷ የምትጽፍ። በ2001 እ.ኤ.አ. በስሟ የወጣውን አልበም ያዘጋጀው አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነው፣ መሣሪያውም ከብዙ አገር ነው። ድምፅ አወጣጧና ቃሏ ግን ከቤቷ የመጣ ነው። መሣሪያው ከየትም ይምጣ፣ አፍሽ ከየት እንደመጣ ግን ይታወቅ።

ወረቀት

እዚህ ጋ ቀስ ብለሽ አንብቢ። ከብዙ ዓመት በፊት ሦስት ዘፈን ግጥምና ዜማ ለአንድ ድምፃዊ ሰጠሁ። ብሩን በእጄ ቆጠረልኝ፣ ቡና ጠጣን፣ ተለያየን። ወረቀት የለም፣ ምስክር የለም። ክሊፑ ወጣ። "ግጥም" በሚለው ሥር፣ "ዜማ" በሚለውም ሥር የሌላ ሰው ስም ተጽፏል። ስደውል "ሳላየው ነው፣ ይስተካከላል" አለኝ። አልተስተካከለም። እናቴ በሬዲዮ ስትሰማው "ይቺን አንተ አልነበርክ እንዴ የምታንጎራጉራት?" አለችኝ። የገንዘቡ ነገር አልፎልኛል፣ የእናቴ ጥያቄ ግን አሁንም ያመኛል።

ሕጉ ያለው ይህን ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። በዚህ አዋጅ መሠረት ሥራሽ የራስሽ ፈጠራ ከሆነና በጽሑፍ ወይም በቀረጻ ከተቀመጠ ጥበቃ አለው፣ ይህን ለማግኘት መመዝገብ ግዴታ አይደለም። ጥበቃው በሕይወትሽ ዘመን ሁሉና ከሞትሽም በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ሐሳብ ግን አይጠበቅም። "ስለ ጤፍ ገበያ ዘፈን ላወጣ ነበር" ብሎ መክሰስ የለም፣ ስንኙና ዜማው ተጽፎ ወይም ተቀድቶ መገኘት አለበት። እንደ ድምፃዊት ደግሞ ሌላ መብት አለሽ፣ አዋጁ ከዋኝ የሚለው ማለት ነው፣ ከደራሲነትሽ የተለየ ነው። ያልኩሽ የሁለቱ ሥራ ጉዳይ ሕጉም ላይ አለ።

መብት ማስተላለፍ በጽሑፍ ነው የሚደረገው። ስለዚህ ለዘመድም ቢሆን ወረቀት ይኑር። አንድ ገጽ ይበቃል። የዘፈኑ ርዕስና የመጀመሪያው ስንኝ፣ ምን እንደሰጠሽ (ለአንድ ቀረጻ ብቻ ነው ወይስ ለሁሉም?)፣ ለስንት ዓመት፣ በስንት ብር፣ ስምሽ በሚወጣበት ሁሉ "ግጥምና ዜማ" ተብሎ እንዲጻፍ፣ ቀን፣ ፊርማ፣ ሁለት ምስክር። አንቺ ራስሽ ያንን ዘፈን መድረክ ላይ መዝፈን ትችያለሽ ወይ የሚለውንም አስገቢበት፣ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። "አትተማመንም እንዴ?" የሚልሽ ካለ "ስለምተማመንብህ ነው የምንፈራረመው" በዪው። ከመስጠትሽ በፊት ግጥሙንና ቀረጻውን ለራስሽ ኢሜይል ላኪ፣ ቀኑ ይመዘገባል።

የሕዝብ ዜማ ከተጠቀምሽ "የሕዝብ" ብለሽ ጻፊ፣ የራሴ ነው አትበዪ። ሰርግ ላይ አያቶቻችን ያወረዱት ዜማ የማንም የግል አይደለም፣ ያንቺ የሆነው የጨመርሽው ግጥምና ቅንብሩ ነው።

ኢንተርኔት ላይ ስትለቂው

ይህ ቶሎ ያልፋል። ስምሽን በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ጊዜ ወስነሽ ሁሉም ቦታ ላይ በዚያው ጻፊ። በአራት ዓይነት አጻጻፍ የወጣ ስም አድማጩን አራት ቦታ ይከፍለዋል። በአከፋፋይ (ዘፈንሽን ኢንተርኔት ላይ በሚያሰራጭልሽ ድርጅት) በኩል ስትለቂ ለእያንዳንዱ ቀረጻ አይኤስአርሲ የሚባል 12 ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ ይሰጠዋል፣ ደብተርሽ ላይ ጻፊው፣ አከፋፋይ ብትቀይሪ ያንኑ ነው የምትሰጪው። የደራሲ ስም የሚሞላበትን ቦታ ባዶ አትተዪው። ከኢንተርኔት የተገዛ ቢት (ቀድሞ የተሠራ ሙዚቃ) ላይ ከዘፈንሽ ደግሞ ያንኑ ቢት የገዛ ሌላ ሰው ሊኖር ይችላል፣ ዩቲዩብ ላይ ተመሳሳይ ድምፅ እየለየ የባለመብት ጥያቄ በሚያስነሳው ኮንቴንት አይዲ ጣጣ ይመጣል። ከሰፈርሽ ኪቦርዲስት ጋር ተቀምጠሽ ያወጣሽው ይሻላል።

ጉሮሮና ቀብድ

ቀብድ ሳትቀበዪ መንገድ አትውጪ። እኔ ግማሹን እጠይቃለሁ፣ ትራንስፖርቱን ለብቻ። ስንት ሰዓት እንደምትዘፍኚም ይታወቅ። ሰርገኛው ደስ ሲለው "አንድ ብቻ" እያለ እስኪነጋ ያቆይሻል፣ ድምፅሽ ግን የነገም ነው። ከመድረክ በፊት አሥር ደቂቃ ከንፈርሽን ገጥመሽ አንጎራጉሪ። ውኃ ጠጪ፣ ለብ ያለ። አረቄ "ድምፅ ይከፍታል" የሚሉሽን አትስሚ፣ ጉሮሮ ያደርቃል። ድምፅሽ ከሻከረና ሁለት ሳምንት ካለፈው ዝንጅብል ላይ ዝንጅብል አትጨምሪ፣ የጉሮሮ ሐኪም ይየው።

አዲስ አበባስ?

ሂጂ፣ ግን በባዶ እጅሽ አይደለም። ደጀንን አልፈሽ አባይ በረሃን ስትወርጂ ቦርሳሽ ውስጥ ቢያንስ አሥር ያለቀ ዘፈን ይኑር። አሥር ያለቀ ዘፈን ይዞ የሄደ ሰው ሥራ ያሳያል። ሁለት ይዞ የሄደ ክፍል ይከራያል፣ ኪራዩን ለመክፈል የሌሊት ሥራ ይይዛል፣ ሦስተኛውን ዘፈን የሚጽፍበት ጠዋት አይኖረውም። መጀመሪያ ለሁለት ሳምንት ሄደሽ አቀናባሪ አግኚና ተመለሺ።

እስከዚያው ዘፈንሽን እዚሁ ፈትኚው። ሰርግ ላይ መጀመሪያ አታድርጊው። ሰው የሚያውቀውን አንድ ዘፈን ዝፈኚ፣ ከዚያ በዚያው ቅኝትና በዚያው ምት ሳታቋርጪ ወደራስሽ ግቢ፣ "ይህ የእኔ ነው" አትበዪ። ሦስተኛው አዝማች ላይ ማይኩን ዝቅ አድርጊ። ከተቀበሉሽ ዘፈኑ ሆኗል። ካልተቀበሉሽ የት ስንኝ ላይ ሰው ሊቀመጥ እንደሄደ አስታውሺ፣ ማታ ቤት ስትገቢ ያን ስንኝ ክፈቺው። እኔ ከኋላ ጥግ ስልክ አስቀምጬ ነው የምቀዳው፣ ራሴን ሳይሆን ሕዝቡን ለመስማት።

የፍኖተ ሰላሟ ልጅ፣ አሥራ ሁለቱን ግጥም በጭብጨባ ቁጠሪያቸውና የጎደለውን ሙዪ። ፋሲካ ደርሶ የሰርጉ ሥራ ሳይበዛ ባሕር ዳር ብቅ በዪ። ኪቦርዱ እኔ ጋ አለ፣ ጋቢውንም ሰቅዬ እጠብቅሻለሁ።